ስምንት ቱቦ፦ የድመት አንጎል ቅባት ስለካ የያዝኩት ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ጠዋት ስምንት ትንንሽ ቱቦዎች ተረከብኩ። ደረቅ በረዶ ውስጥ ተቀብረው ነው የመጡት። ክዳናቸው ላይ ከ1 እስከ 8 ያለ ቁጥር እንጂ ሌላ ምንም አልተጻፈም። ውስጣቸው ከዓመታት በፊት ከሞቱ ድመቶች የተቆረጠ የአንጎል ቅርፊት አለ። የትኛው የጤነኛ፣ የትኛው የበሽተኛ እንደሆነ የምታውቀው አለቃዬ ብቻ ናት። ዝርዝሩን ፖስታ ውስጥ አሽጋ መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበታለች። ሥራዬ ከየቱቦው ቅባቱን አውጥቼ፣ ለክቼ፣ የትኛው የማን እንደሆነ መናገር ነው። ጊዜው ሁለት ሳምንት።

ቅባት ስል ጋንግሊዮሳይድ የሚባለውን ዓይነት ማለቴ ነው። የነርቭ ሴል ሽፋን ላይ በብዛት ይገኛል። አንድ ጫፉ ቅባት፣ ሌላው ጫፉ የስኳር ሰንሰለት ነው። ስኳሩ ላይ ደግሞ ሲያሊክ አሲድ የሚባል አሲዳማ ስኳር ተንጠልጥሏል። ሴሉ ሲያረጅበት አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራዋል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ቆራሌው!» የሚለውን የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ጩኸት ያውቀዋል። ሴል ውስጥም ቆራሌው አለ። ላይሶዞም ይባላል። ስሙን በ1955 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያወጣለት ቤልጂየማዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ ነው፤ በ1974 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ኖቤል ተሸልሟል። የላይሶዞም ቆራሌው ግን ሁሉን ነገር የሚሰበስብ አንድ ሰውዬ አይደለም። ጠርሙስ ብቻ የሚወስድ አለ፣ ብረት ብቻ የሚወስድ አለ። እነዚህ ኢንዛይሞቹ ናቸው። አንዱ በዘር ከጎደለ የእሱ ዕቃ ግቢው ውስጥ ይከመራል። ሌሎቹ እያዩት ያልፋሉ።

የእኔ ድመቶች የጎደላቸው ቤታ ጋላክቶሲዴዝ የሚባለው ነው። ያ ሲጎድል ጂኤም1 የሚባለው ጋንግሊዮሳይድ ይከመራል። በሽታው ሕፃናትንም ይይዛል። ክፉው ዓይነት ከያዛቸው ገና በለጋ ዕድሜያቸው ነው የሚሞቱት። ድመት ላይ የታወቀው በ1971 ነው፤ አንድ ሲያሚዝ ድመት ነበር። ግልገሎቹ ሲወለዱ ምንም አይሉም። አራት ወር ገደማ ሲሆናቸው ጭንቅላታቸው ቀስ እያለ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ካልታከሙ ስምንት ወር ገደማ ላይ ያበቃል።

ማታ እማዬ ደወለች። ምን እየሠራሽ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ልጄ፣ በዚያ እጅሽ ምሳ አትበዪማ?» አለች። ጓንት አለ እማ፣ አልኳት። ብዙም አላመነችኝም።

ቀን 2

መመዘን። ይህን ያህል አስቸጋሪ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከእያንዳንዱ ቱቦ 100 ሚሊግራም ያህል ነው የምፈልገው። ቁራጩ ቢቀልጥ ይበላሻል። ስለዚህ ማንኪያዋንም ትንሿን ሳህንም ደረቅ በረዶ ላይ አቀዘቅዛለሁ። ቁራጩን በቢላ ስመታው እንደ ቆሎ ተፈናጥሮ ይበራል። አንዷ ፍንጣሪ ከሚዛኑ ሥር ገባች፤ ተንበርክኬ ነው ያወጣኋት። አውጥቼም ጣልኳት፤ መሬት የነካ ነገር አይመዘንም።

አራት ቁጥር ቱቦ ክዳኑ ውስጥ በረዶ ሠርቷል። ብናኝ የመሰለ ነጭ ውርጭ። ይህ ውሃ ከየት መጣ? ከአንጎሉ ነው እንጂ። ዓመታት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቆይ ቁራጩ እየደረቀ ውሃው ክዳኑ ላይ ተለጠፈ። ስለዚህ የአራት ቁጥር 100 ሚሊግራምና የአምስት ቁጥር 100 ሚሊግራም እኩል አይደሉም። ደብተሬ ላይ በቀይ ጻፍኩት።

ሌላም ነገር። ሁለት ቁጥር ላይ ከግራጫው ቅርፊት ሥር ነጭ ክፍል ተከትሎ መጥቷል። የቆረጠው ሰው ትንሽ በጥልቀት ሄዷል። ነጩ ክፍል ጋንግሊዮሳይድ ላይ ድሃ ነው፤ የሚበዛበት ማየሊን ነው፣ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ቅባታማ ልባስ። የቻልኩትን ያህል ፋቅሁት።

ቀን 3

ማውጣት። ሰባት አሥርት ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የፎልች ዘዴ ነው፤ በ1957 የታተመ፣ እስከ ዛሬ የሚሠራበት። ሁለት እጅ ክሎሮፎርም፣ አንድ እጅ ሜታኖል፤ የቲሹው ሃያ እጥፍ። ትፈጫለህ፣ ታጣራለህ፣ ውሃ ትጨምራለህ፣ ታሽከረክራለህ። ከዚያ ፈሳሹ ለሁለት ይከፈላል። ከታች ክሎሮፎርሙ፣ ከላይ ውሃና ሜታኖሉ፣ መሃል ላይ እንደ ጠላ ጉሽ የቀጠነ ነጭ ነገር። ቅባት የሚባለው ሁሉ ከታች ይቀራል። ጋንግሊዮሳይድ ግን በስኳሩ ምክንያት ወደ ላይኛው ይወጣል። ቅባት ሆኖ ውሃ የሚመርጥ ነው፤ ለእኔ ሥራ ደግሞ ይህ ጠባዩ ግማሽ መንገድ ያህል ያግዛል።

ከመፍጨቴ በፊት ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ለኢንዛይምና ለፕሮቲን አስቀርቻለሁ። ክሎሮፎርም የነካው ኢንዛይም ሞተ ማለት ነው።

ጥፋት ቁጥር አንድ። መስታወት ቱቦ አልቆብኝ አንዱን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ጨመርኩት። ገና ሳልዘጋው ግድግዳው ወተት መሰለ። ከዚያ እንደ ማስቲካ ለሰለሰ። ሰባት ቁጥር ነበር። ደግነቱ ሌላ ቁራጭ ቀርቶኛል። ክሎሮፎርም ፖሊስቲሪን እንደሚበላ እኮ አውቃለሁ! ማወቅና እጅ የተለያዩ ናቸው።

የታችኛውን ፈሳሽ ልደፋው ነበር። ለዚህ ሥራ አያስፈልግም። ጎረቤቴ ጠረጴዛ የሚሠራው ልጅ «አንጎል እኮ ነው፣ ምን አስቸኮለሽ» አለኝ። ቁጥር ጽፌ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ቀን 4

የመጀመሪያው ሰሌዳ። ከንቱ።

ሰሌዳው መስታወት ነው፤ ላዩ ላይ ስስ የሲሊካ ዱቄት ተለጥፎበታል። ከሥሩ ናሙናውን በቀጭን መርፌ ታሰምራለህ። ከዚያ ሟሟ ያለበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ታቆመዋለህ። ሟሟው ወደ ላይ ሲሳብ ቅባቶቹን ይዞ ይወጣል። ስኳሩ ያጠረ ሩቅ ይሄዳል፤ ስኳሩ የረዘመና ሲያሊክ አሲድ የበዛበት ወደ ኋላ ይቀራል። ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው። ስዊድናዊው ላርስ ስቬነርሆልም በ1960ዎቹ ሲሰይማቸው ጂ ለጋንግሊዮሳይድ፣ ኤም አንድ ሲያሊክ አሲድ ላለው፣ ዲ ሁለት ላለው፣ ቲ ሦስት ላለው አለ። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ያላቸው ተራ ነው። ጂኤም3 ሩቅ ይሄዳል፣ ጂኤም2 ይከተላል፣ ጂኤም1 ከእሱ በታች።

ዛሬ ግን ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም መስመር ከታች እስከ ላይ እንደተጎተተ ጭራ ሆኗል። ጨው ነው። የላይኛው ፈሳሽ ውስጥ የአንጎሉ ጨው ሁሉ አብሮ አለ፤ እኔ ደግሞ ቸኩዬ ሳላጥብ አስኬድኩት።

ቀን 6

ትናንት ሙሉ ቀን ማጠብ። ናሙናውን ትንሽ ሲሪንጅ የመሰለ ማጣሪያ ውስጥ ታሳልፈዋለህ። ጋንግሊዮሳይዱ ውስጡ ካለው ዱቄት ላይ ይጣበቃል፣ ጨው በውሃ ታጥቦ ይወርዳል። ከዚያ በሜታኖል ታስለቅቀዋለህ። ስምንት ጊዜ። በናይትሮጅን እያነፈስኩ ሳደርቅ ከቱቦው ሥር የቀረው ዓይን አያየውም።

ዛሬ ሁለተኛው ሰሌዳ። ክሎሮፎርም 55፣ ሜታኖል 45፣ ትንሽ ካልሲየም ክሎራይድ ያለበት ውሃ 10። ሳጥኑ ውስጥ ማጣሪያ ወረቀት አቁሜ አየሩ በሟሟው ተን እስኪጠግብ ጠበቅሁ። ካልጠገበ መስመሩ ይንጋደዳል። አርባ ደቂቃ ገደማ ሄደ። አድርቄ ሬዞርሲኖል የሚባል ቀለም አውጪ ረጨሁበት፤ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ስለሆነ ጓንት ደርቤ ነው። በሌላ መስታወት ሸፍኜ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ይህች ሩብ ሰዓት ደስ ትለኛለች። ሰሌዳው ሲገባ ነጭ ነው። በመስኮቱ ሳየው መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሥር በኩል የወይን ጠጅ ጥላ ይመጣል። ከዚያ ጥላው ወደ መስመር ይሰበሰባል። ሲያሊክ አሲድ ያለበት ሁሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሐምራዊ ይሆናል። ቡናማ ከሆነ ቆሻሻ ነው።

ሁለት፣ ሦስት፣ አምስትና ስምንት ቁጥር ላይ የጤነኛ አንጎል አራቱ ዋና መስመሮች ቁጭ ብለዋል፦ ጂኤም1፣ ጂዲ1ኤ፣ ጂዲ1ቢ፣ ጂቲ1ቢ። አንድ፣ አራትና ሰባት ቁጥር ላይ ጂኤም1 እንደ ጣት ወፍሯል። ሌሎቹ ከሥሩ ቀጥነው ይታያሉ። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከበሩ ላይ ሆኖ ይታያል።

የሚገርመኝ ይህ የተከመረው ነገር መርዝ አለመሆኑ ነው። ከውጭ የገባ አይደለም። ጤነኛው አንጎልም አለው፣ ያስፈልገዋልም። ጋንግሊዮሳይድ የሚለውን ስም ጀርመናዊው ኤርንስት ክሌንክ በ1942 ሲያወጣ ከነርቭ ሴል ስም ወስዶ ነው። ነገሩን ሲያሳድድ የነበረውም ቴይ ሳክስ በሚባል የዚሁ ዓይነት የዘር በሽታ የሞቱ ሕፃናት አንጎል ውስጥ ነበር። ጤነኛው ቅባት የተገኘው በሽታው አከማችቶ ስላሳየ ነው ማለት ይቻላል።

ስድስት ቁጥር ግን ግራ አጋባኝ። አራቱ መስመሮች አሉ። ጂኤም1 አልወፈረም። ከላይ በኩል ግን ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተጨምረዋል። አንዱ ጂኤም2፣ አንዱ ጂኤም3 ቦታ ላይ። ጤነኛ የጎልማሳ አንጎል ላይ እነዚህ ከስንት አንዴ ነው የሚታዩት። መርፌውን በደንብ ሳላጥብ ከመመሳከሪያው፣ ማለትም ምን እንደሆነ አስቀድሞ ከሚታወቀው ናሙና፣ ተላልፎ ይሆን?

ቀን 7

ስድስት ቁጥርን ከአዲስ ቁራጭ እንደገና ሠራሁት። አዲስ መርፌ። ከመመሳከሪያው በጣም አርቄ። ሁለቱ መስመሮች እዚያው አሉ። እጄ አይደለም።

ቀን 8

የኢንዛይም ቀን። ከሰሌዳው ጋር ሲነጻጸር ሽርሽር ነው።

ኢንዛይሙ ሲቆርጠው የሚያበራ ነገር የተለጠፈበት ስኳር ትሰጠዋለህ። ኮምጣጣ ፈሳሽ ውስጥ፣ ምክንያቱም ላይሶዞም ውስጡ ኮምጣጣ ነው። በ37 ዲግሪ አቆይተህ አልካሊ ትጨምርበታለህ። ያን ጊዜ ሥራው ይቆማል፣ ብርሃኑም ይወጣል። ጨለማ ክፍል ውስጥ በዩቪ መብራት ሳየው ጤነኞቹ ሰማያዊ ያበራሉ። አንድ፣ አራትና ሰባት ቁጥር ጨለማ። እንደተጠበቀው።

ሦስት ቁጥር ግን መሃል ላይ ነው፤ የጤነኞቹ ግማሽ ያህል። ይህ ተሸካሚ ነው። ከእናት ወይም ከአባት አንድ የተበላሸ ቅጂ ወስዷል፣ ሌላው ደህና ነው። ሰሌዳው ላይ ከጤነኞቹ ለይቼው አልነበረም፤ አሁንም ተመልሼ ሳየው አልለየውም። ግማሽ ቆራሌው ግቢውን ማጽዳት አያቅተውም። ኒውዚላንድ ውስጥ አንገስ የሚባሉትን ከብቶች አልፋ ማኖሲዶሲስ ከሚባል ሌላ የክምችት በሽታ ያጸዱት በዚህ ብልሃት ነው። ደም እየወሰዱ ኢንዛይሙ የቀነሰበትን ተሸካሚ ከዘር አወጡት። ከብቱ ራሱ ሲያዩት ምንም አይልም።

ናሙናዎቹ ያረጁ ስለሆኑ ኢንዛይሙ ዝም ብሎ ሞቶ እንዳይሆን ሌላ የላይሶዞም ኢንዛይምም ለካሁ፣ ሄክሶሳሚኒዴዝ። ደህና ነው። እንዲያውም በበሽተኞቹ ከጤነኞቹ ይበልጣል። ይህ በክምችት በሽታዎች የታወቀ ነገር ነው። አንዱ ሲጎድል ሴሉ ሌሎቹን ያበዛል፤ ጠርሙስ ሰብሳቢው ቀርቶ ብረት ሰብሳቢዎች ሲጨመሩ አስቡት።

ስድስት ቁጥር? ጂኤም2 ስላለበት ሄክሶሳሚኒዴዝ ይጎድለዋል ብዬ ተወራርጄ ነበር። ጂኤም2 የሚፈታው እሱ ነዋ። ግን አለ። ቤታ ጋላክቶሲዴዝም አለ። ማንም አልቀረም፤ ክምሩ ግን አለ። ውርርዱን ተሸነፍኩ፣ ቡና እኔ ገዛሁ።

ቀን 9

ሥራ የለም፣ ስካነሩን ሌላ ሰው ይዞታል። ለምን ድመት፣ አይጥ አይበቃም ወይ ብሎ ለጠየቀኝ ወዳጄ መልስ እዚህ ልጻፍ። አንደኛ መጠን። የአይጥ አንጎል ግማሽ ግራም አይሞላም፤ የድመት ሠላሳ ግራም ይደርሳል። መድኃኒት አንጎል ውስጥ ምን ያህል ይሰራጫል የሚለው ጥያቄ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ አይጥ ሌላ መንገድ አላት። የቴይ ሳክስን ጂን ያጠፉባት አይጥ በሽተኛ ትሆናለች ሲባል ደህና ሆና ተገኘች። ሲያሊክ አሲዱን መጀመሪያ ቆርጣ በጓሮ በር ታወጣዋለች። ጄኮብ የሚባሉት በጎች ግን ያው ጂን ሲበላሽባቸው በትክክል ይታመማሉ።

ድመቶቹ ላይ የተሠራው ሥራ ደግሞ ፍሬ አለው። አላባማ ያለው ኦበርን ዩኒቨርሲቲና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት የጂን ሕክምና ያገኙ የጂኤም1 ድመቶች በአማካይ ከ38 ወር በላይ ኖረዋል። ያልታከሙት ስምንት።

ቀን 10

በምን ይካፈል?

ሰሌዳውን ስካን አድርጌ የጂኤም1ን መስመር ወደ ቁጥር ቀየርኩ። አሁን ይህን ቁጥር ለሆነ ነገር ማካፈል አለብኝ። ለቲሹው ክብደት ባካፍለው አንድ መልስ። ለፕሮቲን ባካፍለው ሌላ መልስ። ለጠቅላላ ሲያሊክ አሲድ ባካፍለው ሦስተኛ መልስ። ሦስቱም በሽተኞቹ ላይ በዝቷል ይላሉ። በስንት እጥፍ የሚለው ላይ ግን አይስማሙም።

ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ግን እስክትደርስበት አይታይህም። የታመመው አንጎል የጤነኛው አንጎል ሲደመር ጂኤም1 አይደለም። ማየሊኑ ቀንሷል፤ እሱ ሲቀንስ ውሃው ይበዛል። ስለዚህ 100 ሚሊግራም የታመመ አንጎል ውስጥ ብዙው ውሃ ነው። አራት ቁጥር ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ውሃውን አጥቷል፣ በተቃራኒው። በክብደት ሳካፍል ከሦስቱ በሽተኞች ከፍተኛው እሱ ነበር። በፕሮቲን ሳካፍል ከአንድና ከሰባት ቁጥር ጋር እኩል ሆነ። ያ «የባሰበት ድመት» ውርጭ ነበር ማለት ነው።

ሲያሊክ አሲዱም የራሱ ጣጣ አለው፤ ጂኤም1 ራሱ ሲያሊክ አሲድ ስላለው አካፋዩ ከተካፋዩ ጋር ያድጋል፣ ልዩነቱን ያሳንሰዋል። ሦስቱንም ጎን ለጎን ሪፖርቱ ላይ አስቀመጥኩ። አንዱን ብቻ መርጦ ማሳየት ሰው ማታለል ይመስለኛል።

ቀን 12

ፖስታው ተከፈተ። አንድ፣ አራት፣ ሰባት፦ ጂኤም1። ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት፦ ጤነኛ። ሦስት፦ ተሸካሚ። እስከዚህ ሙሉ ነጥብ።

ስድስት ቁጥር ጂኤም1 አይደለም፤ ኒማን ፒክ ሲ ያለበት ድመት ነው። አለቃዬ ሆን ብላ ነው ያስገባችው፤ ፈገግታዋን ስታፍን አየኋት።

ኒማን ፒክ ሲ የኮሌስትሮል በሽታ ነው ተብሎ ነው የሚታወቀው። የጎደለው ፈቺ ኢንዛይም አይደለም። ከላይሶዞም ኮሌስትሮሉን የሚያስወጣው ፕሮቲን ነው። ቆራሌዎቹ ሁሉ መጥተዋል፤ በሩ ነው የተቆለፈው። ጂኤም2ና ጂኤም3 በዚያ ግርግር መሃል ተከትለው የተከማቹ ናቸው። በሌሎች የክምችት በሽታዎችም እንዲሁ ጂኤም2 ሳይታሰብ ብቅ ይላል፤ ስቲቨን ዎክሌይ የተባለው ተመራማሪ ጂኤም2 የጨመረባቸው የነርቭ ሴሎች በማይገባቸው ቦታ አዲስ ቅርንጫፍ እንደሚያበቅሉ አሳይቷል። እኔ ሰሌዳው ላይ ክምሩን አይቼ የጠፋውን ሰው ስም ልጠራ ቸኮልኩ። የጠፋ ሰው አልነበረም።

ቀን 13

ያልደፋሁትን የታችኛውን ፈሳሽ አወጣሁት። ማየሊኑና ኮሌስትሮሉ ያለው እዚያ ነው።

የማየሊን ምልክት የሆነው ሴሬብሮሳይድ ሰሌዳው ላይ እንደ ጥንድ መስመር ይወጣል። አንድ፣ አራትና ሰባት ላይ ጥንዱ ሳስቷል። የቀን 10 ጥርጣሬዬ ትክክል ነበር። ሁለት ቁጥር ላይ ወፍሯል፤ ያ ያልፋቅሁት ነጭ ክፍል ነው፣ ለራሴ አላደላም።

ከዚያ ለኮሌስትሮል ሌላ ሰሌዳ፣ በሄክሴንና በኢተር። ስድስት ቁጥር ላይ ወፍራም ኮሌስትሮል ልይ ተዘጋጅቻለሁ። የለም። ከጤነኞቹ አይበልጥም። እንዲያውም ትንሽ ያነሰ ይመስላል።

አለቃዬ ጋ ሮጥኩ። አልገረማትም። አንጎል ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል አብዛኛው ያለው ማየሊን ላይ ነው። በዚህ በሽታ የነርቭ ሴሎቹ ውስጥ ኮሌስትሮል ይከመራል፣ ማየሊኑ ደግሞ ይጠፋል። ሁለቱን አብሮ የፈጨ ሰው የሚያገኘው ድምሩን ነው፤ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። እኔ ደግሞ በቀን 3 አንድ ላይ ፈጭቻቸዋለሁ።

ቀን 14

ከስድስት ቁጥር ሳይፈጭ የቀረ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ከዚያው ድመት በስስ የተቆረጠ ቅንጣቢ በመስታወት ላይ ተቀምጦ ይኖራል አሉኝ። ፊሊፒን የሚባል ኮሌስትሮል ላይ ተጣብቆ የሚያበራ ቀለም አለ፤ ብርሃን ስለማይወድ ክፍሉን አጨልሜ ነው የምሠራው። ማይክሮስኮፑን ለሐሙስ ከሰዓት ያዝኩ።